የባህር ሽሽ ገዢዎች

ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ደላላው ስልኩን ወደ ምዕራብ ይዞ ጣናን ያሳያል፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ውኃው ላይ አንዲት ታንኳ ብቻ አለች። ከዚያ ስልኩ ዝቅ ይልና ለምለም ሣር፣ አራት የባህር ዛፍ ችካል፣ በችካሎቹ ዙሪያ የተወጠረ ገመድ ይታያል። «ይኸውልህ ወንድሜ፣ ጸጥ ያለ አገር ነው፤ ከበርህ እስከ ባህሩ ሃምሳ እርምጃ» ይላል ድምፁ።

ቪዲዮውን ያሳየኝ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ በውጭ አገር የኖረ የወረታ ልጅ ነው። ጡረታው ተቃርቧል። ባልንጀሮቹ አንዱ በሞምባሳ፣ ሌላው በዛንዚባር የባህር ዳርቻ መንደር ቤት ሲፈልጉ ሰምቶ «እኛስ ምን ጎደለን፣ ባህር አጣን?» ብሎ ነው የአጎቱን ልጅ ቦታ እንዲያፈላልግለት ያዘዘው። የአጎቱ ልጅ ለደላላ ነገረ፣ ደላላው ቪዲዮ ላከ። ዋጋውን ነገረኝ፣ ስለ ቤቱ ፕላን ነገረኝ፣ በረንዳው በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር ነገረኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ቪዲዮው በየትኛው ወር ነው የተቀረጸው?

ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየ። በመጋቢት ነበር።

በወረታ አካባቢ ጣናን በሚያዋስነው በፎገራ ሜዳ ይህ ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ሰፊ ትሪ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ። ክረምቱን ከጉና ተራራ በኩል የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል ተሸክመው ይገቡበታል፤ ውኃው በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ በሰኔ መግቢያ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት በቁመት ቢለካ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዳገታማ በሆነ ዳርቻ ይህ ማለት ድንጋይ ላይ የሚቀር የርጥበት ምልክት ነው። ፎገራ ግን እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ስለሆነ፣ በቁመት አንድ ሜትር የወረደ ውኃ በሜዳው ላይ በብዙ መቶ ሜትሮች ይሸሻል።

ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የአገሩ ሰው «ባህር ሽሽ» ይለዋል። ቃሉን ልብ በሉት። መሬቱ መጣ አይልም፤ ባህሩ ሸሸ ነው የሚለው፤ የሸሸ ደግሞ ይመለሳል። በሐይቁ ዳር ባለችው በናበጋና በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ እግር በእግር እየተከተለ ርጥበቱ ሳይደርቅ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ በቆሎ ይተክልበታል፤ ክረምቱ ሲገባ ለባህሩ ይለቅለታል። ቤቱን እዚያ አይሠራም። ቤቱ፣ ከብቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያሉት ከፍ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ደላላው የቀረጸው ለምለም ሣር ለምን ለምለም እንደሆነ የሚገርመው ሰው ካለ መልሱ ይኼው ነው፤ ከጥቂት ወራት በፊት ሐይቅ ነበር።

የውኃውን ልክ የሚወስነው ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባህር ዳር በኩል የጨረጨራ መቆጣጠሪያ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን ወደ በለስ ይወስደዋል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውኃ ተደምረው ሐይቁ እጅግ ወርዶ መርከቦች ቆመው ነበር፤ በየዳርቻው ያለው ገበሬም ወደ ወጣው ወለል ወርዶ ደንገሉን እየመነጠረ አረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ክረምት ማብቂያ፣ ርብና ጉማራ ጥሰው ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ የፎገራ ቤተሰቦች ከነከብታቸው ተፈናቀሉ። በ2012 ክረምት ማብቂያም ጎርፉ ተመልሷል። በ1995 ችካል የተከለ ሰው በ1998 ችካሉን ለማግኘት ዋና መቻል ነበረበት።

እንግዲህ ስለ ሕጉ። የቤትና የቦታ ግዢ ወሬው የተጋጋለው በሰኔ 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1388ን ካጸደቀ በኋላ ነው። አዋጁ የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ በር ከፈተ፤ መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። ታሪካዊ ለውጥ መሆኑ አይካድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ከልክሎ ነበር፤ ደርግ በ1967 የገጠሩን መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ደግሞ ለአገሬውም የሚሸጥ መሬት አልቀረም። ስለዚህ «ለፈረንጅ ተፈቀደ» ሲባል ሰው ቢደነግጥም ቢጓጓም አይፈረድበትም። ደላሎች ይህችን ድንጋጤ ወዲያው ሸቀጥ አደረጓት። «ፈረንጁ ሳይቀድምህ» የምትለዋ ማስታወቂያ ከዚህ የመጣች ናት።

ነገር ግን አዋጁ የሚያወራው ስለ ቤት ነው። መሬቱ ዛሬም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እንደሚለው የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የዚያው አንቀጽ ሌላ ንዑስ አንቀጽ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ሕንፃና ያደረገውን ቋሚ ማሻሻያ ሙሉ ንብረቱ ያደርግለታል፤ ያንን መሸጥ ይችላል። በከተማ ይህ ልዩነት ብዙም አይታወቅም፤ ቤቱን ትገዛለህ፣ ቦታው በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ አብሮ ይዞራል፣ ለመኖሪያ የተሰጠ ሊዝ 99 ዓመት ስለሚቆይ የልጅ ልጅህ እንኳ የሚያስበው ጉዳይ አይሆንም። ዜግነት ለለወጠ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ማለትም ለባለ ቢጫ ካርዱ፣ ከ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ጀምሮ ይህ በር ክፍት ነበር። የእኔ ሰው የ2017ቱን አዋጅ መጠበቅ አላስፈለገውም ነበር ማለት ነው። ግን አንድም አዋጅ፣ አሮጌውም አዲሱም፣ የናበጋን ዳርቻ አይሸጥለትም፤ ናበጋ ገጠር ነውና። በፎገራ ወረዳ ካርታ ያለው ቤት የሚገኘው ወረታ ከተማ ላይ ነው፤ ከወረታ በረንዳ ላይ ሆኖ ደግሞ የሚታየው የወልድያ መገንጠያና የሩዝ ጫኝ መኪና ነው እንጂ ጣና አይደለም።

ይህን ሁሉ ስነግረው አልተደነቀም። «እሱን እኮ የአጎቴ ልጅ አስቦበታል፤ በስጦታ ነው የምናደርገው» አለኝ።

የነገሩ ሥጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በገጠሩ መሬት ይሸጣል፣ ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚሸጠው ግን ሌላ ልብስ ለብሶ ነው። አንዱ ልብስ ኪራይ ነው፤ የ1998ቱ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133 ኪራይን እስከ 25 ዓመት ፈቅዶ ስለነበር፣ የረጅም ዓመት ኪራይ በአንድ ቀን ተቆጥሮ ይሰጥና ሁለቱም በልባቸው ሽያጭ ነው ይሉታል። ሁለተኛው ወለድ አገድ ነው፤ ገንዘቡ እንደ ብድር ይጻፋል፣ ብድሩ እስኪመለስ አበዳሪው መሬቱን ይጠቀማል፣ እንዳይመለስም በቃል ይግባባሉ። ሦስተኛውና ለዲያስፖራ የተመረጠው ስጦታ ነው።

ስጦታ ለምን እንደተመረጠ ግልጽ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ብር የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን የክልሉ ሕግ ይዞታን በስጦታ ማስተላለፍን የሚፈቅደው ለሚያርስ ወይም ማረስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ቶሮንቶ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው አራሽ አይደለም። ስለዚህ ስጦታው የሚጻፈው እዚያው ላለው ለአጎት ልጅ ነው። በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የአጎት ልጅ ስም ይመዘገባል፤ የይዞታ ደብተሩ በአጎት ልጅ ስም ይወጣል፤ የአጎት ልጅ ይዳራል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል፤ ደብተሩን ልጆቹ ይወርሳሉ። ልጆቹ ከውጭ የመጣውን ሰውዬ የሚያውቁት በስልክ ነው። ያ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያገኘው የአጎቱን ልጅ ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ወራሽን አያስገድድም። ብዙ ጊዜ ይህ ነገር በሽማግሌ ያልቃል። ሽማግሌው «ወንድምህ ነው፣ ተውለት» ይላል፤ ወንድም የተባለው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከፍርዱ በኋላ ነው።

ፍርድ ቤት ከተሄደ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። የመሬት ሽያጭ ውል ፈራሽ ነው፤ የፈረሰ ውል ሁለቱን ወገኖች ወደ ነበሩበት ይመልሳል ይላል የፍትሐ ብሔሩ ሕግ። ሻጭ መሬቱን፣ ገዢ ገንዘቡን። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። በ2010 ዓ.ም. አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር፤ ያኔ 10 ሺህ ዶላር ልኮ 270 ሺህ ብር የከፈለ ሰው ዛሬ ውሉ ቢፈርስበት የሚመለስለት ያው 270 ሺህ ብር ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ ከ140 ብር በላይ ሲሆን ያ ገንዘብ 2,000 ዶላር አይሞላም። መሬቱ ግን በብር አልረከሰም፤ ሻጩ ወይም የሻጩ ልጅ ውሉ እንዲፈርስ የሚፈልግበት ምክንያት በየዓመቱ እየፋፋ ነው የሚሄደው። ገበሬውን ከዳተኛ ለማድረግ አይደለም ይህን የምለው። በታመመበት ዓመት ወይም ልጁን ባህር ማዶ ለመላክ በተጨነቀበት ዓመት የሸጠ ሰው፣ ልጁ አድጎ «አባቴ መሬታችን የት አለ?» ሲለው የሚመልሰው ያጣል። ሕጉ ሽያጭን የከለከለው ይህችን ቀን ፈርቶ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው አልልም፣ ገበሬው የገዛ ላቡን ዋጋ እንዳያውቅም አድርጎታል። በ2016 የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለብድር መያዣነት መፍቀዱ ለዚህ ትንሽ መልስ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ለሆስፒታል ብሎ መሬቱን በድብቅ ከመሸጥ ሌላ መንገድ ይኖረዋል፤ በሜዳው ላይ ሥራ ላይ ሲውል ግን ገና ነው የምናየው።

ስለ ዋጋ ከተነሣ ሩዙን መዝለል አይቻልም። ዛሬ ወረታ ሲባል ሩዝ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሩዝ መፈልፈያ፣ ከጤፍ ጋር የሚደባለቅ የሩዝ ዱቄት፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል። ይህ ሁሉ ግን የአንድ ዕድሜ ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው ክረምት ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ለፎገራ ከብት ግጦሽ ካልሆነ ለእህል የማይመች ቦታ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራች ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ እስከ ዛሬ ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዘር የዚያ ዘመን ስም ተሸካሚ ነው። ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ኮሪያዎቹ ሄዱ፣ ሩዙ ቀረ። ውኃ ስለሚተኛበት የተናቀው መሬት ውኃ ስለሚተኛበት ተወደደ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ጓያ ይከተላል፣ ፓምፕ ያለው ሽንኩርት ይተክላል። ያ የወረታ ልጅ በእይታ የሚለካውን መሬት ገበሬው በኩንታል ነው የሚለካው። ሁለቱ «ተስማማን» ሲሉ የተስማሙት በሁለት የተለያዩ ነገሮች ዋጋ ላይ ነው።

ችካል የተተከለበት ሣር የማን እንደሆነ ማጣራት ሌላ ጣጣ አለው። ከዳርቻው ብዙው በልማድ ወል ነው፤ የሰፈሩ ከብት የሚሰማራበት። የባህር ሽሽ መሬት ደግሞ በደብተር ላይ የማይሰፍር፣ ዛሬ አንዱ ያረሰው ነገ ከቀበሌው የሚያጋጭ፣ ድንበሩ በየዓመቱ አዲስ የሆነ መሬት ነው። ከሁሉ በፊት በዳርቻው የኖሩት ነገደ ወይጦዎች፣ ደንገል እየቆረጡ ታንኳ የሚሠሩት፣ ከዓሣው የሚተዳደሩት፣ አብዛኞቹ ደብተር የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ደንገሉ በሳሳ ቁጥር የእነሱ ዳርቻም ይሳሳል፤ እነሱን ማንም በቪዲዮ አይቀርጻቸውም፣ ቢቀረጹም ለጌጥ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን። የባህር ዳርቻ ሲሸጥ የኖረባቸው አገሮች እንኳ የመጨረሻዋን ጭረት መሬት አይሸጡም። ኮስታ ሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከከፍተኛው የውኃ ልክ ጀምሮ ያለውን 200 ሜትር ለይታ፣ የመጀመሪያውን 50 ሜትር የሁሉም አደረገችው፤ በቀሪው 150 ሜትር ላይ የሚሰጠው ኮንሴሽን ነው። ሜክሲኮ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 27 ከባህሩ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ የውጭ ሰው መሬት በቀጥታ እንዳይይዝ ስለከለከለች፣ ገዢው በባንክ አደራ በኩል ነው የሚገባው። ኬንያም በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ለውጭ ዜጋ ከ99 ዓመት ሊዝ በላይ አትሰጥም። የኔ ሰው የሚቀናበት የሞምባሳው ባልንጀራው ኬንያዊ ካልሆነ የሚያገኘው ሊዝ ነው። ልዩነቱ እዚያ ወረቀቱ የሚናገረውና ሰዎች የሚያምኑት አንድ መሆኑ ነው፤ እዚህ ወረቀቱ ስጦታ ይላል፣ ኪሱ ሽያጭ ይላል።

እሺ፣ ሁሉም ተሟልቶ ቤቱ ተሠራ እንበል። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳም አብሮ ይሰነጠቃል። ነጭ አሸዋ የሚባል የለም፤ ዳርቻው ጭቃና ደንገል ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ፤ በ2013 መግቢያ ሰው ከየቦታው ተሰባስቦ በእጁ የነቀለው ያ አረም፣ አበባው በፎቶ ቢያምርም ጀልባ አያሳልፍም። ወባው አለ። በጣና ዳርቻ እግርን ውኃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥ ቢልሃርዚያ ሊያመጣ ይችላል። ጎርጎራን የሚጠቅሱ አሉ፤ እዚያ ሁለት የሆላንድ ሰዎች ሎጅ ከፍተው ነበር፣ በኋላም በገበታ ለሀገር ትልቁ ሪዞርት ተሠርቷል። እውነት ነው፣ ጎርጎራ ግን ወደ ሐይቁ የገባ ጠንካራ መሬት ነው፤ ዳርቻው የትም አይሸሽም። ሁለቱን አንድ ባህር ነው ብሎ ማወዳደር ደጋንና ቆላን አንድ አገር ነው ብሎ እንደ ማረስ ነው።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ ያለውን ጦርነት ሳይጠቅሱ «ጸጥ ያለ አገር» የሚለውን የደላላውን ቃል ማንሳት ደግሞ አይቻልም። የባህር ዳር–ጎንደር መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የሚያውቁት በመናኸሪያ የከረሙት ናቸው። ደላላው «ሰላም ነው» ሲል የሚዋሽ አይመስለኝም፤ ያን ቀን ሰላም ነበር ይሆናል።

ለወዳጄ የነገርኩት የሚያስደስት አልነበረም። ወረታ ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ፈልግ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማዘጋጃ ቤት ሄደህ አስመርምር፣ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርም፤ ጣናን ስትፈልግ ጠዋት ተነሥተህ ሂድ፣ በናበጋ ጉብታ ላይ ለእንግዳ የሚሆን ጎጆና ጠላ አይጠፋም። ባህር ዳር ቢሆንልህማ ሐይቁም ካርታውም አንድ ላይ አለ፤ ዋጋው ነው የሚከብደው። ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔ እኮ ቤት አላጣሁም» አለ፤ «ቤትማ እዚያም አለኝ። አባቴ በበጋ ከብት ይዞ የሚወርድበት ቦታ ነው የናፈቀኝ።»

አባቱ የሚወርደው በበጋ እንደነበር ራሱ ተናግሮ ራሱ ሰማው መሰለኝ፤ ስልኩን አንሥቶ ለደላላው ጻፈ። ያንኑ ቦታ፣ እነዚያኑ አራት ችካሎች፣ በነሐሴ መጨረሻ ቀርጾ እንዲልክለት ጠየቀው። ደላላው «እሺ ጋሼ» ብሎ መለሰ። ነሐሴ አልፎ፣ ጳጉሜንም አልፋ መስቀል ደርሷል፤ ቪዲዮው ገና አልመጣም።